"ሳይበር ሴኩሪቲ ልማር ወይስ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ?" ለምትሉ ልጆች

የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ለሴኩሪቲ ምን ያደርግልኛል? የቢሮ ሥራ እኮ ነው" አለኝ። አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ትዝ አለችኝ።

ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም ክፍል ነበርኩ። ሰርቨሩ ጋ የምንገባው ጫማ አውልቀን ነው፣ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ። የአለቃችን የተቀደደ ካልሲ የሁላችን መሳቂያ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ጠዋት ቀድማ ስለምትገባ ሲስተሙን በራሷ ፓስዎርድ ትከፍታለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሁሉም በእሷ ስም ይሠራል። በየሰው ስም እየወጡ መግባት ጊዜ ይፈጃል፤ ወረፋው ደግሞ በር ድረስ ነው። ፓስዎርዱ ኪቦርዱ ሥር ተለጥፏል። ኃላፊው ያውቃል። እኛም እናውቃለን።

አንድ ቀን ገንዘብ ጎደለ። የተሰረዙ ደረሰኞች ተገኙ። ኮሚቴው ሎጉን፣ ማለትም በማን ስም፣ መቼ፣ ምን እንደተሠራ ሲስተሙ የያዘውን መዝገብ ጠየቀን፤ አትመን ሰጠን። ስሙ የእሷ ነው። ሰዓቱ ግን የምሳ ሰዓት ነበር፤ እሷ ደግሞ ምሳ የምትበላው ቤቷ ሄዳ ነው። ፓስዎርዱን ስንት ሰው እንደሚያውቅ የጠየቀ አልነበረም። ሰብሳቢው "ኮምፒውተር አይዋሽም" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ። ልጅቷ ተሰናበተች። እናቷን የምትጦር እሷ ነበረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያኔ የጎደለን ይህ ነበር፦ ለየሰው የራሱ መግቢያ፣ አንዱ ሲመዘግብ ሌላው እንዲያጸድቅ፣ ስረዛ ያለ ሁለተኛ ሰው እንዳያልፍ። ባንኮች ሜከርና ቼከር ይሉታል። ይህ ያለው እናንተ አሰልቺ የምትሉት ኮርስ ውስጥ ነው። የዛሬ ልጆች ካሊ ሊኑክስ (የሴኩሪቲ መፈተሻ መሣሪያዎች ተጭነውበት የሚመጣ ሲስተም) ለመጫን ትጣደፋላችሁ፤ አንድ ደረሰኝ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ግን አታውቁም።

ገንዘብ የሚጎድለው በሀከር ብቻ አይደለም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡ ብዙ ሰው "ሀከር ገባ" አለ። ባንኩ ግን ችግሩ የመጣው ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ እንጂ ከሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነው።

ሰርተፍኬት ማሳደድ አልወድም። ቢሆንም ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የጀማሪ ሴኩሪቲ ሰርተፍኬት ተፈተኑ፤ ሲቪ ላይ እሱን የሚፈልግ ቀጣሪ አለ፣ ምን ይደረግ።

ለተግባር ልምምድ ስትወጡ ሰርቨር ክፍል አስገቡን ብላችሁ አትለምኑ። ገንዘብ ቤት ወይም ግዢ ክፍል ተቀመጡና ማን በማን ስም እንደሚሠራ እዩ። ሲስተሙን ልፈትሽ ካላችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሆን ብሎ ያለፈቃድ መግባት፣ ምንም ባትወስዱም፣ በራሱ ያስቀጣል።