ለቪዛ ብሎ መተማ? አባትሽን አታድክሚያቸው

እታለም፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽ 67 ዓመታቸው ነው። ዳላስ ላይ ጡረታ ወጥተው ጎንደር ገብተው መኖር ይፈልጋሉ። የያዙት የአሜሪካ ፓስፖርት ነው። በ90 ቀን ቪዛ ገብተው፣ ሲያልቅ መተማ ወርደው ድንበሩን ረግጠው ቢመለሱ ይታደስላቸዋል ወይ ነው ያልሽው። አንድ ዘመድ "ቀላል ነው፣ የደርሶ መልስ ነገር ነው" ብሎሻል።

እኔንም እንዲሁ ያለኝ ዘመድ ነበር። ፓስፖርት በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው፣ ግን ሲያስረዳ አፍ ያስከፍታል።

አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ከራሴ ልጀምር። እኔም ጡረተኛ ነኝ፣ እዚሁ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው ያለኝ።

መተማ ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዘዞ ወጥተሽ በጭልጋ በኩል ቆላውን ትወርጃለሽ። ከተማዋ ጫፍ ላይ አንድ ድልድይ አለ፣ ከድልድዩ ማዶ ጋላባት ነው፣ ሱዳን። አየሽ፣ ለዓይን በጣም ቅርብ ነው። ችግሩ ማዶ ለመርገጥ አሜሪካዊ ቀድሞ የሱዳን ቪዛ ያስፈልገዋል። ተሻገርሽ እንበል። መመለሻውስ? መተማ ኬላ ላይ እንደ ቦሌ ቪዛ የሚሰጥ መስኮት የለም። እኔ በኢንተርኔት ያወጣሁት ቪዛም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ መግቢያው ቦሌ ይላል። ስለዚህ አባትሽ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ የአገራቸውን ተራራ ከማዶ ሆነው ሲያዩ ሊውሉ ነው። ይህ ሁሉ ሰላም ቢሆን ነው። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 2015 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በዚያ ድልድይ ሰው ነፍሱን ይዞ ወደኛ ነው የሚሻገረው። የኛም መንገድ ሰላም የለውም፣ ያው የምትሰሚው ነው።

አሁን የኔን ጉድ ልንገርሽ። ሐምሌ 5 ቀን 2015 በ90 ቀን ቪዛ ቦሌ ገባሁ። 90 ቀን ሦስት ወር ነው አልኩ። በኛ አቆጣጠር ወር ሁሉ 30 ቀን ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት 5 ያልቃል። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ጥቅምት 5ን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩና ተረጋጋሁ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የአማራ ክልሉ ግጭት መጣ። የጎንደር በረራ ለቀናት ተቋረጠ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ኢሜይሌን ከፍቼ የቪዛውን ወረቀት እንኳ ማየት አልቻልኩም። ምን ቸገረኝ፣ ቀኔን ከብቤዋለሁ።

በመሐል ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ያለ ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ እንደሚያስረዝምልኝ ነገረኝ። የፓስፖርቴን ኮፒና ገንዘብ ወሰደ። መጀመሪያ "ነገ" አለ፣ ቀጥሎ "ኔትወርክ የለም" አለ፣ ቀጥሎ ስልኩ አይነሳም። እሱን እንተወው።

ጥቅምት 3 ራሴ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሁለት ቀን ቀድሜ መድረሴ ነው፣ ልቤ ሙሉ ነው። ኢሚግሬሽን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን አገላበጠችና "አባባ፣ ይኼ እኮ አልፏል" አለችኝ። አልፏል? ቀኑን አሳየችኝ፤ ኦክቶበር 10 ይላል። ኦክቶበር 10 በኛ መስከረም 29 ነው። ለካ ጳጉሜን ረስቻታለሁ! ያውም 2015 ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዓመት ነው። የ13 ወር ፀጋ እየተባለ ባደግሁበት አገር 13ኛዋን ወር ዘልዬ ቆጠርኩ። ለያንዳንዱ ያለፈ ቀን ቅጣቱ በዶላር ነው የሚታሰበው። ከፈልኩ። ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች፣ አልፈረድኩባትም።

ስለዚህ አባትሽ ለጊዜው በቪዛ የሚመጡ ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን በፈረንጆቹ ፓስፖርቱ ላይ ያንብቡት፣ በወር አይቁጠሩት። በተለይ በክረምት የሚገቡ ከሆነ።

ደግሞ ቪዛ ለማደስ ናይሮቢ ደርሰው የሚመለሱም አሉ። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ኬንያ ቪዛውን ትታ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ታስከፍላለች። የሚገርመው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል፣ እኛ "አሜሪካውያኑ" ግን ቅጽ ሞልተን ከፍለን ነው። ከጎንደር ቦሌ፣ ከቦሌ ናይሮቢ፣ ሆቴል፣ እንደገና ቪዛ፣ እንደገና ጎንደር። አንዴ አድርጌዋለሁ። ወገቤ አሁንም ያስታውሰዋል። በየሦስት ወሩ ይህን የሚያደርግ ሰው ጡረታ ወጣ አይባልም።

መፍትሔው ቢጫ ካርድ ነው፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ነው። ራሱ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ፣ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ሊያወጣው ይችላል። ካርዱ ካለ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ አያስፈልግም፣ መሥራት ቢያምራቸው እንኳ የሥራ ፈቃድ አይጠየቁም። የማይቻለው መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠር ነው። በ67 ዓመት ወታደር ልሁን ካላሉ በቀር አይጎዳቸውም። እኔ ሳወጣ 200 ዶላር ከፈልኩ። ድሮ 500 ነበር።

አሜሪካ እያሉ ያውጡት። እዚህ መጥቼ አወጣዋለሁ ብለው እንዳይነሱ፤ የሚጠየቁት ወረቀት ሁሉ ዳላስ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ማስረጃው ላይ ነው ሰው የሚንገላታው። አባትሽ የድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አላቸው? እኔ አልነበረኝም። እኔ ከጎንደር የወጣሁት በ1971 ነው፣ በእግሬ፣ በዚያው በመተማ በኩል፣ ቀን ተደብቀን ሌሊት እየተጓዝን። ያኔ ወረቀት የሚጠይቅሽ ሰው ካገኘሽ አለቀልሽ ማለት ነው። እና ከ40 ዓመት በኋላ "ኢትዮጵያዊ እንደነበርክ አስረዳ" ስባል ምን ላሳይ? ያዳነኝ የአሜሪካ ዜግነት ስወስድ የተሰጠኝ ሰርተፊኬት ነው። እዚያ ላይ የቀድሞ ዜግነት የሚሞላበት መስመር አለ፣ የኔው ላይ ኢትዮጵያ ተብሎ ተጽፏል። ፓስፖርቱም የትውልድ ቦታ ኢትዮጵያ ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው።

ስምና ልደትንም ዛሬውኑ አስተያዪ። ሱዳን ገዳሪፍ፣ የስደተኞች ካምፕ ላይ የመዘገበኝ ሰው መቼ ተወለድክ ሲለኝ "እናቴ የኅዳር ሚካኤል ለት ነው ትለኛለች" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ወረቀቴ ጃንዋሪ 1 ነው። በዚያ ካምፕ ያለፍን ሰዎች ግማሾቻችን በአንድ ቀን የተወለድን ነን። ልደቱ ውሸት ቢሆንም ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ አልተቸገርኩም። የቸገረኝ የአያቴ ስም ነው፤ አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። እሱን ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀብኝ።

አንድ ነገር አደራ። አባትሽ ያረጀ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ካላቸው ለማስረጃነት ያቅርቡት፣ ግን አሳድሼው በሱ ልግባ እንዳይሉ። በዜግነት አዋጁ፣ በ378/1996፣ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ሁለት ይዞ መኖር አይቻልም።

ገንዘቡን አልጠየቅሽም፣ ግን እኔ ልጠይቅሽ። የሚያገኙት ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለት ሠርተው ያጠራቀሙት ጡረታ ነው ወይስ ኤስ ኤስ አይ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሽማግሌዎች የሚሰጠው ድጎማ? ብዙ ሰው ሁለቱንም "ሶሻል" ይላቸዋል። ሠርተው ያገኙት ሶሻል ሴኩሪቲ ከሆነ፣ ዜጋ እስከሆኑ ድረስ ጎንደርም ሆነው ይከፈላቸዋል። ውጭ ለሚኖር ሰው መጠይቅ ይላካል፣ ካልመለሱት ክፍያው ይቆማል፤ ስለዚህ ዳላስ ፖስታቸውን የሚከፍትላቸው ሰው ይኑር። ኤስ ኤስ አይ ከሆነ ግን ከአሜሪካ 30 ቀን ከራቁ ይቋረጣል። በዚህ የተቃጠሉ ሽማግሌዎች እዚሁ ሰፈሬ አሉ። የሽማግሌዎቹ የጤና መድን፣ ሜዲኬርም እዚህ አይሠራም። አይሠራም ብለው ደግሞ የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን ክፍል፣ ፓርት ቢውን እንዳይሰርዙ፣ በኋላ ልመለስበት ቢሉ ለቀሩበት ለያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት መዋጮው ላይ ይጨመርበታል። እኔ በዓመት አንዴ ሄጄ ሐኪሜን አይቼ ጥምቀት ሳያመልጠኝ እመለሳለሁ።

አባትሽን አይመለከትም፣ ግን ዜጋ ሳይሆኑ ግሪን ካርድ ብቻ ለያዙ ሰዎች ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ኢትዮጵያዊነታቸው ስላልተወሰደ እዚህ ቪዛ አያሻቸውም፣ የሚያሰጋቸው አሜሪካ መመለሱ ነው። ከዓመት በላይ ለመቆየት ካሰቡ የመመለሻ ፈቃዱን ሳይወጡ፣ እዚያው እያሉ ነው የሚያመለክቱት። እሱም ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው።

እስቲ መጀመሪያ ያንን የዜግነት ሰርተፊኬት ፈልጉት። ፎቶ አንስተሽ ለማንም እንዳትልኪ፣ ለኔም ቢሆን። መኖሩን ብቻ ንገሪኝ።

አባትሽንም ጠይቂልኝ፤ ሲወጡ በመተማ በኩል ነው? ከሆነ በስንት ዓመተ ምህረት? ምናልባት እንተዋወቅ ይሆናል።