የሆድን አውጥቶ መናገር ያድናል ወይስ ያሳምማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አለቃ ከተሾመብን ስድስት ወር ሆኖናል፤ ከዚያ ወዲህ የሥራ ቦታዬ ሰላም የለውም። መጀመሪያ ላይ ማታ ቤት ገብቼ የዕለቱን በደል ለባለቤቴ ስነግረው ቀለል ይለኝና እተኛ ነበር። አሁን ግን ነግሬውም እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እንዲያውም ስናገር ልቤ ይመታል፣ ራሴን ያመኛል። እህቴ «አውጪው፣ ሆድሽ ውስጥ ካስቀመጥሽው ያሳምምሻል» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ «የሚያሳምምሽ ማማረሩ ነው» ይለኛል። ትክክለኛው የማንኛቸው ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እህትዎም ባለቤትዎም ከእውነቱ የየድርሻቸውን ይዘዋል፤ ይሁን እንጂ ዋናውን ፍንጭ የሰጡኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ቀድሞ መናገር እንቅልፍ ይሰጥዎት ነበር፤ አሁን ያው ንግግር እንቅልፍ ይነሳዎታል። ስለዚህ መመርመር ያለበት፣ ሲያቀልልዎት የቆየው ንግግር በምን ምክንያት እንደ ከበደዎት ነው።

በመጀመሪያ ለእህትዎ ሐሳብ የሚገባውን ክብር ልስጥ። የሐኪም ሥራ የሚጀምረው ከቅሬታ ነው፤ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰፍረው ሰውየው በራሱ አንደበት «ይህ ያመኛል» ያለው ነው። ሰው ላለማስቸገር ብለው ዝም የሚሉ ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ አስደንግጠውኛል። አንድ አረጋዊ ልጃቸው ለምና አምጥታቸው «ምን ያምዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው ሦስት ጊዜ «ደህና ነኝ» አሉኝ፤ ሸሚዛቸውን በአንድ እጃቸው እየፈቱ ሌላው እጃቸው ግን ከደረታቸው ላይ አልተነሣም። ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን መጨምደድ ከጀመራቸው ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን እኔ በየጊዜው በዓይኔ አየዋለሁ።

ስሜትን አፍኖ መያዝም እንዲሁ በሰውነት ላይ የሚያስከትለው ጫና አለ። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት የሚሰቀጥጥ ፊልም የሚመለከቱ ሰዎች ስሜታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይታይ ሲጠየቁ፣ ገጽታቸው ቢረጋጋም ውስጣቸው የተሰማው መጥፎ ስሜት አልቀነሰም፤ በቆዳ ላብና በደም ዝውውር ላይ የሚለካው የውጥረት ምልክት ግን ጨመረ። በሌላ በኩል ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ ሰው የሚያየውን ስሜት «ይህ ቁጣ ነው፣ ይህ ፍርሃት ነው» ብሎ በቃል ሲሰይመው ፍርሃትንና ስጋትን የሚያስተናግደው፣ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ይቀንሳል። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተናግረው እፎይ ማለትዎ የሚያስገርም አይደለም።

ታዲያ በኋላ ለምን ከበደዎት? ብዙዎቻችን ሰውን ክዳኑ እንደተገጠመ በሚፈላ ድስት እንመስለዋለን፤ እንፋሎቱ ካልወጣ ይፈነዳል ብለን እናምናለን። ሐኪሞቹ ጆሴፍ ብሮየርና ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1895፣ በዘመኑ ሂስቴሪያ ስለሚባለው የነርቭ ሕመም ባሳተሙት መጽሐፍ ታፍኖ የቆየ ስሜት በንግግር ሲወጣ ሕመሙ እንደሚለቅ ከጻፉ ወዲህ ይህ እምነት ከሕክምናው ዓለም አልፎ በሕዝቡ ዘንድ ሰፊ ቦታ አግኝቷል። ተመራማሪው ብራድ ቡሽማን ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንን በፈተና አስቀመጠው። ሆን ተብሎ እንዲናደዱ የተደረጉ ተማሪዎች፣ ከፊሎቹ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ መለማመጃ ከረጢት እንዲመቱ፣ ሌሎቹ ደግሞ ምንም ሳያደርጉ ጸጥ ብለው እንዲቀመጡ ተደረገ። ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የመቱት ከሁሉ ይልቅ ተቆጥተው ተገኙ፤ ዝም ብለው የተቀመጡት ከእነርሱ ይልቅ በርደው ነበር። ቁጣ በተነፈሰ ቁጥር የሚጎድል እንፋሎት ቢሆን ኖሮ ስድስት ወር ሙሉ ማታ ማታ የተናገሩት እርስዎ ይህን ጊዜ በቀለለዎት ነበር።

በክፍሌ ውስጥ በየቀኑ የማየው አንድ ነገር አለ። የደም ግፊት ከመለካታችን በፊት ሕመምተኛው አምስት ደቂቃ ያህል ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ሲለካም እንዳይናገር እናሳስባለን፤ ተራ ጨዋታ እንኳ የላይኛውን ቁጥር በ10 ነጥብ ያህል ከፍ ሊያደርገው ይችላልና። የተበደሉበትን ነገር እያስታወሱ መተረክ ደግሞ ከተራ ጨዋታ በላይ ሰውነትን ይቀሰቅሳል። የአለቃዎን ንግግር በራሱ ቃና መልሰው ሲናገሩት፣ ሰውነትዎ ስድቡ ቀን እንደተፈጸመና አሁን በገዛ ቤትዎ እንደተቀመጡ የሚያውቅ አይመስልም፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የአንገትና የራስ ቅል ጡንቻዎች ይወጠራሉ። የልብ ምትዎና የራስ ምታትዎ ከዚህ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። (በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው «ግማሽ ሰዓት ማማረር አንጎልን ይጎዳል» የሚለው ወሬ ግን አያስጨንቅዎ። በእንስሳት ላይ የታየው፣ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ የጭንቀት ሆርሞን ሂፖካምፐስ የተባለውን ከማስታወስ ጋር የተያያዘ የአንጎል ክፍል እንደሚጎዳ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ በአንድ ማታ ብሶት ላይ መፍረድ አይቻልም።)

ጎጂው ማብሰልሰል የምንለው ነው፤ ያንኑ በደል፣ በዚያው ቃል፣ ወደዚያው መደምደሚያ ደጋግሞ ማመላለስ። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1989 በካሊፎርኒያ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከመከሰቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ የተማሪዎችን ስሜትና የማብሰልሰል ልማድ መዝግባ ነበር። ከአደጋው ከ10 ቀንና ከ7 ሳምንት በኋላ ስትመለስባቸው፣ ቀድሞውንም የሚያብሰለስሉት ከሌሎቹ ይልቅ በድባቴ ምልክቶች ተይዘው አገኘቻቸው። ማብሰልሰል ደግሞ ለሁለትም ይሆናል። አማንዳ ሮዝ በልጆችና በወጣቶች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ ስለ ችግራቸው ደጋግመው የሚያወሩ ጓደኛሞች ወዳጅነታቸው ይጠብቃል፤ በሴቶቹ ዘንድ ግን የድባቴና የጭንቀት ምልክትም አብሮ ይጨምራል። ይህንን የማነሣው ስለ ባለቤትዎ ነው። እስከ ዛሬ ያደመጡዎት በፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ዛሬ «ማማረሩ ነው» ማለታቸውም እርሳቸውም እንደ ደከሙ ይነግረኛል። «ያውም ይህን አደረገ እንዴ?» እያለ ቁጣውን የሚያራግብ አድማጭ ፍቅሩን ያሳይዎታል እንጂ እንቅልፍዎን አይመልስልዎትም። የሚረዳው መጀመሪያ እስኪጨርሱ አድምጦ፣ ቀጥሎ «ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የጎዳሽ የቱ ነው? ነገስ ምን ብታደርጊ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

ለመናገር የሚሻለውን መንገድ በተመለከተ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የጄምስ ፔኔቤከር ሥራ ለእርስዎ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1986 ከሳንድራ ቢል ጋር ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። ድርጊቱንና ስሜታቸውን አንድ ላይ የጻፉት በዚያው ሰዓት ይበልጥ ከፍቷቸው፣ የደም ግፊታቸውም ጨምሮ ነበር፤ በሚቀጥሉት ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው። በኋላ በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች የተጻፉ ጽሑፎች ሲመረመሩ፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም»፣ «አሁን ገባኝ» የሚሉ ዓይነት ቃላትን እያበዙ የሄዱ ናቸው። ታሪኩ በእጃቸው እየተለወጠ ሄዷል ማለት ነው። እርስዎም ማታ ከመናገርዎ በፊት ለአራት ቀን ያህል እንዲህ ይጻፉ፤ አልጋ ላይ ሆነው ሳይሆን ከመኝታ ሰዓት ራቅ አድርገው። ከባለቤትዎ ጋርም ለዚህ ጉዳይ ሩብ ሰዓት ወስነው ይነጋገሩና ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ያንሡ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ። የጻፍኩት የተበደለ ሰው አፉን ይዝጋ ለማለት ተደርጎ እንዳይወሰድብኝ። በብሶትና በአቤቱታ መካከል ልዩነት አለ፤ ብሶት ለማንም ይነገራል፣ አቤቱታ ግን መፍትሔ መስጠት ለሚችል ሰው የሚቀርብና ይህ ይደረግልኝ የሚል ነው። አለቃዎ በእውነት የሚያዋርድዎት ከሆነ ቀኑን፣ የተባለውንና የነበሩትን ሰዎች መዝግበው ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የእርስዎ ስድስት ወር ሙሉ ወደ ባለቤትዎ ብቻ የሄደ፣ ባለቤትዎ ደግሞ ሊፈቱት የማይችሉት ቅሬታ ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ አድርገውም ሆነ ሳያደርጉ፣ ቀርበው ቢመረመሩ እወዳለሁ። የልብ ምትና የእንቅልፍ ማጣት ከታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን መብዛት፣ የልብ ምቱም ከደም ማነስ ሊመጣ ስለሚችል ሁሉንም በአለቃዎ ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም፤ የደም ግፊትዎም ይለካ። ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት መከፋት ወይም ቀድሞ የሚያስደስትዎትን ነገር መጥላት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ከተለወጠ፣ ነገሮች ላይ ማተኮር ካቃተዎት ድባቴ ሊሆን ይችላልና አይዘግዩ፤ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ በዚያኑ ቀን ይሂዱ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡም የራስ ምታቱን ብቻ ተናግረው እንዳይመለሱ፤ ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ልብዎ ምት፣ ስለ ሥራ ቦታዎና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለእኔ በጻፉልኝ ግልጽነት ይንገሯቸው።