ሕገ መንግሥትን ለማጥናት ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፤

የፖለቲካ ፍልስፍናን፣ በተለይም የሕገ መንግሥት አስተሳሰብን ሙያዬ ብዬ ከያዝኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ዘመዶቼ ግን እስከ ዛሬ ጠበቃ እመስላቸዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት በተቀመጥን ቁጥር የድንበር ክርክር ያለበት ሰው ጎኔ መጥቶ መቀመጡ አይቀርም። የእኔ ሥራ ሥልጣን ከየት ይመነጫል፣ ማንስ ይገድበዋል የሚለውን ጥያቄ ሕግ አርቃቂዎች እንዴት እንደመለሱት መመርመር ነው። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ቃል ላይ የመቆየት ትዕግሥት መሆኑን የተማርኩት አፍሬ ነው።

ወጣት መምህር ሳለሁ ስለ ሉዓላዊነት የማስተምረው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት የእንግሊዝኛ ቅጂ ይዤ ነበር። በዚያ ቅጂ አንቀጽ 8 ሉዓላዊ ሥልጣን በብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ዘንድ ይኖራል እንደማለት ነው፤ እኔም ሥልጣን በአንድ አካል ዘንድ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ከፈረንሳዊው የፖለቲካ ፈላስፋ ከዣን ቦዳን ጀምሬ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተነተንኩ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ አማርኛው እኮ ‹ባለቤቶች ናቸው› ነው የሚለው» አለችኝ። ባለቤት ንብረቱን ለሌላ በአደራ ይሰጣል፣ ሲፈልግም አደራውን ያነሳል፤ አንድ ነገር የሚገኝበት ስፍራ ግን በዚያ ነገር ላይ አያዝም። ትንታኔዬ በሙሉ የቆመው አርቃቂዎቹ በአማርኛው ባልጻፉት ቃል ላይ ነበር። ይባስ ብሎ አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህን በቃሌ አውቀው ነበር፣ አልሠራሁበትም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የውጭ አገር ንድፈ ሐሳብ ከማንሳቴ በፊት የራሳችንን ሰነዶች ጎን ለጎን ዘርግቼ አነባለሁ፤ እናንተም እንዲህ ብታደርጉ እመክራለሁ። የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሉዓላዊነትን ለንጉሠ ነገሥቱ ይሰጣል፤ የ1979ኙ ሥልጣንን የሠራተኛው ሕዝብ ያደርገዋል፤ የ1987ቱ ደግሞ ባለቤቶቹን በብዙ ቁጥር ይጠራል። አርባ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሉዓላዊነት ሦስት ባለቤት ቀያየረ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረውም ቀድሞ በተጻፈ የማሻሻያ ሥርዓት ሳይሆን መንግሥት በኃይል ሲወድቅ ነው። በ1576 እ.ኤ.አ. ሉዓላዊነት አይከፋፈልም ብሎ የጻፈው ቦዳን የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ስትደርሱ ነው፤ ያኔ የምትሞግቱበት የራሳችሁ ጉዳይ ይኖራችኋልና። የ1987ቱን ያጸደቀውን የሕገ መንግሥት ጉባኤ ቃለ ጉባኤም አትዝለሉ፤ አንቀጹ የደበቀውን ጥርጣሬና ድርድር እዚያ ታገኙታላችሁ። ጥንታዊውን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥትን በምንጩ ለማንበብ የሚያበቃ ግዕዝም መማር ይገባል፤ እኔ ዘግይቼ በመጀመሬ ዛሬም ከመዝገበ ቃላት አልላቀቅም።

ስለ ኑሮው ብዙ አልልም፤ የመምህር ደመወዝ መሆኑን ታውቃላችሁ። ይልቅ የሚያሳስበኝ የቴሌቪዥን ጥሪ ነው። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም፣ ስለ ምክር ቤት አባላት ምርጫ፣ ስለ ምክር ቤቱ የሥራ ዘመንና ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚደነግጉት አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 ለትርጉም ቀርበው ባለሙያዎች በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ፊት በቀጥታ ስርጭት ሐሳባቸውን ሲሰጡ አገር ተመለከተ። ሙያችን በአደባባይ መሰማቱ ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ስልክ የደወሉልኝ ወጣት ባልደረቦች አብዛኞቹ የጠየቁኝ ጽሑፉ ምን እንደሚል ሳይሆን ከማን ጋር እንደቆምኩ ነበር። ወገን መያዝ የዜጋ መብት ነው፤ ሆኖም መደምደሚያውን አስቀድሞ ይዞ አንቀጽ የሚፈልግ ሰው የሚሠራው የጠበቃን ሥራ ነው፣ ለጠበቃ ደግሞ ቢያንስ ደንበኛው ይከፍለዋል። አንድን አቋም ከመንቀፋችሁ በፊት ባለቤቱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አሳምራችሁ ጻፉት።

እኔ በአሁኑ ጊዜ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁትን የ1923ቱን ሕገ መንግሥት እንደገና እያነበብኩ ነው። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ ይላል። ይህ «እስኪችል ድረስ» ተስፋ ይሁን ማዘግያ፣ ሦስት ጊዜ ጽፌበት ሦስቱንም ጊዜ ሰርዤዋለሁ።