ፊሽካው ቤት ድረስ ተከትሎት መጥቷል

ጥያቄ፦ የ20 ዓመት ልጄ የውትድርና ሥልጠና ላይ ቆይቶ ለአጭር ዕረፍት አዘዞ፣ ቤታችን መጥቷል። ሌሊት ይባንናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ ግቢ ውስጥ ይንጎራደዳል፣ ቀን በጥቃቅኑ ይቆጣል። ቶሎ እንዲተኛ ብዬ ማታ 2 ሰዓት መብራት አጠፋለሁ። ባለቤቴ «ወንድ ልጅ እንዲህ አይልፈሰፈስም» ብሎት ከተኳረፉ ሳምንት ሆናቸው። እኔ መሃል ቀረሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ መብራቱን በ2 ሰዓት ማጥፋትዎን ይተዉ። እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ ሲገላበጥ የሚያመሽ ሰው አልጋውን ራሱን ይፈራዋል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ እንቅልፍ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። በየሌሊቱ ለ7፣ ለ8 ወይም ለ9 ሰዓታት ያህል መተኛት የሚያስፈልገው ልጅ ጎህ ሳይቀድ በፊሽካ ሲነሣ፣ ሌሊቱም በጥበቃ ተራ ሲቆራረስ ከረመ። ሰውነቱ ተኝቶም ማዳመጥ ለመደ፤ ዛሬም ፊሽካውን ይጠብቃል። ሕልም የሚበዛበት፣ ስሜትን የሚያረጋጋው እንቅልፍ ወደ ንጋት ስለሚያመዝን በብዛት የተወሰደበት እሱ ነው። ቁጣው ከዚያም ይመጣል፤ ጠባዩ ተበላሸ ብለው አይዘኑ።

የመኝታውን ሳይሆን የመነሻውን ሰዓት አጽኑለት፦ በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት። ማታ እንቅልፉ ሲመጣ ብቻ ይተኛ፤ 20 ደቂቃ ያህል ካልወሰደው ተነሥቶ ደብዘዝ ባለ ብርሃን፣ ያለ ስልክ ይቀመጥ። ቡና የጠዋቱ ይበቃዋል። የ10 ሰዓቱ ቡና ግማሽ ኃይሉ ማታ 3 ሰዓት ላይም ከደሙ አይወጣም። ከረከቦቱ ግን አያርቁት፤ ቆሎውን እየቆረጠመ ይጫወት፣ ጨዋታው ያስፈልገዋል። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ያባንናል። የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም አይግዙለት። ጸበል ከወደደ ይሂድ፣ ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ ለዚያ ብለው ግን በውድቅት አይቀስቅሱት።

ሲባንን አይነቅንቁት። ከበሩ ላይ ሆነው በስሙ ይጥሩት፣ «ቤትህ ነህ፣ እኔ ነኝ» ይበሉት።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። «መኖሬ ምን ይረባል» ዓይነት ቃል ከአፉ ከወጣ በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የአእምሮ ሕክምና እዚያ ይሰጣል። ቤት ውስጥ ጠመንጃ ካለ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። ይህ ባይኖርም፣ አንድ የደረሰበት ነገር በቅዠት እየተመላለሰ ከወር ካለፈ ሐኪም ይየው። ወደ ሥልጠናው ሲመለስም እንቅልፍ ማጣቱን ለጣቢያው ሐኪም ይናገር።

የቀረውን ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው። ጋሼ፣ ልጅዎ አልተልፈሰፈሰም። ያንን ሁሉ ሌሊት ነቅቶ ሲጠብቅ የከረመ ልጅ ነው፤ ዘብ መቆሙን እንዲያቆም የነገረው ሰው የለም። ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት የእግሩን ኮቴ ሲሰሙ ጋቢዎን ደርበው ይውጡና አጠገቡ ይቀመጡ። ምንም አይጠይቁት።