ወባ ከታከመ በኋላ ለምን ያገረሻል?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በጥቅምት ወር ወባ ያዘው። በጤና ጣቢያ ደሙ ተመርምሮ የሦስት ቀን መድኃኒት ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት የሚወሰድ ሌላ ኪኒንም ታዞለት ነበር፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ግን አቋረጠው። ደባርቅ ከተመለሰ ሁለት ወር ሞልቶታል። እዚህ ብርድ ስለሆነ የወባ ትንኝ የለም፤ ሆኖም ሰሞኑን እንደገና ያንቀጠቅጠው ጀምሯል። ጎረቤቶቻችን «ወባ አንዴ ደም ውስጥ ከገባ አይወጣም» ይላሉ። እውነት ነው? የተረፈውን ኪኒን ልስጠው?
ታላቅ እህቱ፣ ከደባርቅ

መልስ፦ የተረፈውን ኪኒን አይስጡት፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እዚያም ሁለት ወር በፊት መተማ እንደነበረና ወባ ታክሞ እንደነበር አስቀድመው ይናገሩ። ይህ ካልተነገረ በደጋ አገር ያለ ባለሙያ ትኩሳቱን ተስቦ ወይም ግርሻ የተባለው ሌላ የትኩሳት በሽታ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

የጎረቤቶችዎ አባባል ትክክል ባይሆንም ያዩት ነገር ግን እውነት ነው። በአገራችን በብዛት የሚታዩት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም የተባለው በፍጥነት የሚገድለው ሲሆን፣ ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ የሚያገረሸው ነው። የቫይቫክስ ተውሳክ ትንኟ ስትነድፍ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ከፊሉ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነቅቶ ወደ ደም ይወጣል። ስለዚህ ወንድምዎ ደባርቅ ላይ አንድም ትንኝ ሳትነድፈው ሊታመም ይችላል። ለቫይቫክስ የሚሰጠው የሦስት ቀኑ ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ ያጠፋል፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን ግን አይነካውም። የተኛውን የሚያጠፋው ለ14 ቀን የሚወሰደው ፕሪማኪን ነው። ወንድምዎ ያቋረጠው ኪኒን ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ጤነኛ ሆኖ እየተሰማው ለሁለት ሳምንት መድኃኒት መዋጥ እንደሚከብደው ስለማውቅ አልወቅሰውም፤ የዚህን ኪኒን ምክንያት በደንብ ያስረዳው ሰው አለመኖሩ ግን ያሳዝነኛል።

ፕሪማኪን በቤት ውስጥ በግምት የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ሲወስዱት ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል፤ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። የመጠኑ ልክ የሚታወቀው በሰውነት ክብደት ሲሆን፣ ሆድ እንዳይረብሽ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ምርመራው ፋልሲፓረም ነው ካለ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኮአርተም በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይሰጣል፤ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሠራል። ራሱን ከሳተ፣ እንደሚጥል በሽታ ካንዘፈዘፈው ወይም የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ያድርሱት።

ለከርሞ ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ደጋ ያደገ ሰው ወባን የለመደ አካል ስለሌለው ሲታመም ይጠናበታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋማው አካባቢ ሲወጣ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ የሚገመተውም በአብዛኛው ለዚህ ነው። በእርሻ ቦታ አጫጆች የሚያድሩት በዳስ ወይም በሜዳ ላይ በመሆኑ፣ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ኬሚካል ብዙም አይጠቅማቸውም። ስለዚህ አጎበሩን ከቤት ይዞ ይሂድ፤ በአራት እንጨት ወጥሮ ጠርዙን ከምንጣፉ ሥር ያስገባው፤ ከመሸ በኋላም እጅና እግሩን የሚሸፍን ልብስ ይልበስ። ትኩሳት በተሰማው በ24 ሰዓት ውስጥም ደሙን ያስመርምር።