ከፎርማሊኑ ጀምሪ

ቱሉ ዲምቱ በአንድ የግል ክሊኒክ በላብራቶሪ ባለሙያነት የምትሠሪው ጠያቂያችን፣ የካንሰርን ዓይነት በፕሮቲን ምልክት በሚለየው በኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ሥራ መሰማራት እንደምትፈልጊ ገልጸሽ «ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ሥራ ልፈልግ?» ብለሻል። ሥራውን አስቀድሚ፤ ማስተርሱ እጅሽ ማይክሮቶም (ሕብረ ሕዋስን በስሱ የሚቆርጠውን መሣሪያ) ከለመደ በኋላ የበለጠ ይጠቅምሻል።

አብዛኛው አመልካች ስለ ማቅለሚያ ማሽኑ ያጠናል። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው። የጡት ናሙና በ1 ሰዓት ውስጥ ሕብረ ሕዋስን ከመበላሸት በሚጠብቀው ፈሳሽ፣ ማለትም በ10 በመቶ ቡፈርድ (አሲድነቱ በተመጣጠነ) ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት፤ የፎርማሊኑም መጠን የናሙናውን 10 እጥፍ ያህል ይሁን። ከዘገየ ፕሮቲኑ ይጎዳል። የኢስትሮጅን ተቀባይ (ኢስትሮጅን ሆርሞንን የሚይዝ ፕሮቲን) ያለው ዕጢ «ኔጋቲቭ» ይባልና ታካሚዋ የሚጠቅማትን የሆርሞን ሕክምና ሳታገኝ ልትቀር ትችላለች። ክሊኒካችሁ ናሙና ወደ መሀል ከተማ የሚልክ ከሆነ፣ ናሙናው የተወሰደበትንና ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን ሰዓት ቅጹ ላይ መመዝገብን ከነገ ጀምሮ የራስሽ ኃላፊነት አድርጊው።

ቀጥሎ የሂስቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ክፍል ባለበት ሆስፒታል ወይም የግል ላብራቶሪ አመልክቺ፤ የጥቁር አንበሳንና የጳውሎስን የቅጥር ማስታወቂያ ተከታተዪ። እዚያ ናሙናውን ከ3 እስከ 4 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ውፍረት አድርጎ መቁረጥ ትለምጃለሽ። ቻርጅድ ስላይድ (ሕብረ ሕዋሱን አጥብቆ የሚይዝ መስታወት) ተጠቀሚ፤ በተራው ስላይድ ላይ ያረፈ ሕብረ ሕዋስ የፕሮቲን ምልክቱን ለመግለጥ 95 ዲግሪ በደረሰ ቡፈር ውስጥ 20 ደቂቃ ሲቆይ ተላቆ ሊሄድ ይችላል። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ደቂቃውን በግምት አትሙዪ፣ በአዲስ ቁራጭ ድገሚው። ምልክቱን ፈልጎ የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ላዩ ላይ እያለ ስላይዱ ከደረቀ ደግሞ ጠርዙ በሐሰት ቡናማ ይሆናል።

ቃለ መጠይቅ ላይ «የአንዲት ታካሚ የጡት ናሙና ስላይድ ምንም ቀለም ባይዝስ?» ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። መጀመሪያ ፖዘቲቭ ኮንትሮሉን (ምልክቱ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀውን ማነጻጸሪያ) አያለሁ በዪ። እሱም ባዶ ከሆነ ችግሩ ከሪኤጀንቱ ወይም ከአሠራሩ ነው፦ ጊዜው ያለፈበት ፀረ እንግዳ አካል፣ የተዘለለ ደረጃ፣ የተበላሸ ዲኤቢ (ቡናማውን ቀለም የሚሰጠው ኬሚካል)። ኮንትሮሉ በደንብ ቀልሞ የታካሚዋ ብቻ ባዶ ከሆነ፣ እዚያው ስላይድ ላይ ያሉትን ጤነኛ የጡት ቱቦዎች እዪ። ለኢስትሮጅን ተቀባይ ከሕዋሶቻቸው የተወሰኑት መቅለም ነበረባቸው፤ እነሱም ባዶ ከሆኑ ናሙናው በአግባቡ አልተጠበቀም ማለት ነውና ኔጋቲቭ ተብሎ መውጣት የለበትም። ይህን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ አመልካች ብዙ አይገኝም።

ከፕሮቲን ምልክቶቹ ለሳንባ ካንሰር ቲቲኤፍ-1ን እና ፒ40ን፣ ለሊምፎማ (ለሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር) ሲዲ20ን እና ሲዲ3ን፣ ለጡት የኢስትሮጅን ተቀባይንና ኸር2ን አስቀድመሽ እወቂ። ስላይዱን አንብቦ በሽታውን መለየት የፓቶሎጂስቱ (የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ሐኪሙ) ነው፤ ካንቺ የሚጠበቀው የሚታመን ስላይድ ማስረከብ ነው። ሲቪሽ ላይም «ላብራቶሪ ሠርቻለሁ» ብለሽ አትለፊው፤ የናሙና ሰዓት አመዘጋገብሽንና የጥራት ቁጥጥር ሥራሽን ዘርዝሪ።