ሻፍቱን ከማስፈታትህ በፊት ቴርሞስታቱን ፈልግ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ አውቶማቲክ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ትንሽ ኤስዩቪ አለኝ። ድሮ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ አሁን 8 አይሞላም። ከስምንት ወር በፊት ውሃ እያፈላ አስቸግሮኝ ተሠርቷል። ከዚያ ወዲህ የሙቀት መለኪያው ከሩብ አያልፍም፣ ቬንትላተሩ ቁልፍ ከከፈትኩ ጀምሮ ይዞራል፣ ሂተሩም ለብ ያለ አየር ነው የሚሰጠው። ካንዴላና አየር ማጣሪያ ቀይሬ ለውጥ የለም። አሁን ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ሻፍት አስፈታው፣ ነዳጅ ይቆጥብልሃል እየተባልኩ ነው። ላስፈታው?»

አታስፈታው ወንድሜ። ሻፍቱ ጋ እመለስበታለሁ። የጻፍካቸው ምልክቶች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ፦ ሲያፈላ የሠራልህ ሰው ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይዞር የሚዘጋውን ቫልቭ፣ አውልቆ ጥሎታል፤ ቬንትላተሩንም ዳይሬክት አድርጎታል፣ ማለትም ሞቀም በረደም ሁልጊዜ እንዲዞር በቀጥታ ከመብራቱ ጋር አገናኝቶታል። መለኪያው ወረደ፣ ሒሳብ ተከፈለ፣ መኪናው ለምን ያፈላ እንደነበር ግን ማንም አላየውም።

ሳትፈታ ማረጋገጥ ትችላለህ። ጠዋት ሞተሩ በርዶ እያለ አስነሳና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ዳስስ፤ እጅህን ከቬንትላተሩና ከቺንጊያው አርቅ። ጤነኛ ሞተር ላይ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ይቆይና ቴርሞስታቱ ሲከፍት ባንዴ ይግላል። ያንተ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ ካለ፣ የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ ነው ወይም ያለው ቴርሞስታት ተከፍቶ ቀርቷል። ቴርሞስታታቸው ውሃ መግቢያው ላይ የሆነ ሞተሮች አሉ፤ እነሱ ላይ የሚዳሰሰው የታችኛው ቱቦ ነው። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ካለህ ደግሞ 15 ደቂቃ ነድተህ የውሃውን ሙቀት አንብብ። ከ85 እስከ 95 ዲግሪ መሆን አለበት። ዋና መንገድ ላይ 60 ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

የራዲያተሩን ክዳን በሙቅ ሞተር ላይ አትክፈት። ውሃው በግፊት ስለታፈነ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ በተነሳ ቅጽበት ግን ፈልቶ ፊትህ ላይ ይወጣል።

የበረደ ሞተር ለምን ነዳጅ ይበላል? ኮምፒውተሩ ሞተሩ መሞቁን የሚያውቀው ውሃው ውስጥ ከተነከረች አንዲት ትንሽ ሴንሰር ብቻ ነው። ሙቀት በጨመረ ቁጥር የሴንሰሯ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይወርዳል፦ በብዙ መኪኖች 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ደግሞ 300 ኦም አካባቢ። በርዷል ካለች ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፤ ምክንያቱም ቤንዚን በቀዝቃዛ ብረት ላይ በደንብ አይተንም፣ ከፊሉ የአየር መግቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጭማሪው ያንን ለማካካስ ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ይህ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ያንተ ሞተር ግን ቀኑን ሙሉ ጠዋት ላይ ነው። ሚኒሞው (ቤንዚን ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ይላል፤ እግርህን ከቤንዚን ላይ ስታነሳ መቆም የነበረበት የነዳጅ መርጨት አይቆምም፤ ብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎችም ውሃው እስኪሞቅ ድረስ የመጨረሻውን ማርሽ ይከለክላሉ፣ ኮንቨርተሩንም (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘውን ክፍል) አይቆልፉም። በርዶ የወፈረው ዘይት ሞተሩን የሚጎትተውም በዚህ ላይ ይደመራል። ትርፉ ቤንዚን ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ አሽትተው፤ ቤንዚን ከሸተተህ ሥራው እንዳለቀ ዘይቱን ቀይር።

አሁን ወደ ሥራው። መኪናው ሌሊቱን ይደር። ከራዲያተሩ ሥር 3 ሊትር ያህል ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አውርድ። ቱቦውን ተከትለህ የቴርሞስታቱን ቤት ታገኛለህ፤ ብዙ ጊዜ በ10 ወይም በ12 ቁልፍ የሚፈቱ ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖች አሉት። ውስጡ በቀይ ሲሊኮን ተለብጦ ብታገኘው አትገረም፤ ብረቱን ሳትቧጭር በፕላስቲክ ፋቀው። የቴርሞስታቱ ስፕሪንግ ወደ ሞተሩ ይዙር፣ አየር ማስወጫዋ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን። የራሱ የጎማ ቀለበት ስላለው ሲሊኮን አትጨምር። ብሎኖቹን ወደ 10 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ በልኩ አጥብቅ፤ አሉሚኒየም ነው፣ ይሰነጠቃል።

ርካሽ ቴርሞስታት አትግዛ። ላዩ ላይ 82 ተጽፎ 70 ላይ የሚከፍት ሞልቷል፤ ያንን ከምትገጥም ባዶውን ብትተወው ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከመግጠምህ በፊት በክር አንጠልጥለህ የድስቱን ሥር ሳይነካ ውሃ ውስጥ አሙቀው። 82 የተባለው ከ80 እስከ 84 ባለው መላቀቅ መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ የሚከፍተው 95 አካባቢ ስለሆነ፣ ከፍታ ቦታ ላይ ከሆንክ ሙሉ መከፈቱን በድስት አታይም፦ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው።

ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅል። አየር ለማስወጣት መኪናውን አፍንጫው ከፍ ባለ ቦታ አቁም፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርግ፣ ክዳኑን ገና በቀዝቃዛው ክፈትና አስነሳ፤ ሲጎድል እየሞላህ አረፋው ሲያቆም ዝጋ። መሃል ላይ ዘግተኸው ከሞቀ በኋላ ረሳሁት ብለህ አትክፈት! አጥፋውና እስኪበርድ ጠብቅ።

ቬንትላተሩ ሲሞቅ ብቻ እንዲዞር ሽቦውን ወደ ሪሌው (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው) እና ወደ ሴንሰሩ አስመልስ። ከዚያ ድሮ ያፈላበትን ምክንያት ፈልግ፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ ግፊት የማይዝ ክዳን፣ የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ)። ሞተሩ ቀዝቅዞ በተነሳ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ ቱቦ በግፊት እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ ነው። ይህን ሳታጣራ ብትነዳ መለኪያው እንደገና ይወጣል፣ ጥፋቱም ያለ ጥፋቱ በቴርሞስታቱ ይሳበባል።

ሻፍቱን በተመለከተ፦ መኪናህ የመሃል ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍል) ካለው፣ ሻፍቱ ሲወጣ ኃይሉ ወደ ባዶው ጫፍ ይሄድና መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ቢንቀሳቀስም የመሃሉን ክፍል ያቃጥላል። ሲያስፈልግ ብቻ ኋላውን የሚያስገባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚተርፍህ ጥቂት ነው፣ የፊት ማከፋፈያው ጥርሶች እንደሆነ መዞራቸውን አያቆሙም። ይልቅ አራቱን ጎማዎች ተመልከት። መጠናቸው አንድ ይሁን፣ በጥርሳቸው ጥልቀት መካከል ያለው ልዩነትም ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ፊትና ኋላው ከተለያየ ዲፈረንሻሉና ካፕሊንጉ (ኋላውን የሚያስገባው ክፍል) ቀኑን ሙሉ ይታገላሉ። ነፋሱን ጎማው በርዶ እያለ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ሙላ።

ከዚያ ለካ። ነዳጅ ማደያው ራሱ እስኪቆርጥ ሙላ፣ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ንዳ፣ እዚያው ማደያ መልሰህ ሙላና ኪሎ ሜትሩን ለገባው ሊትር አካፍል። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ቆሞ በሊትር የምትሄደው አሁንም 8 ከሆነ፣ ፍሬን ሳትይዝ ጥቂት ነድተህ ቁምና የትኛው ጎማ ከሌሎቹ በልጦ እንደጋለ እይ፤ የጋለው ፍሬኑ ሳይለቅ የቀረ ነው። ሁሉም እኩል ከሆኑ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ ጥቀርሻ ሲጠጣ ከርሟል።